የነፋስ እጅጌ

«እጅጌውን ማን አነሳው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከወንበሯ ድንገት ተነስታ።

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ተያዩ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንባ ጠብ አላላትም። አንዷ ጎረቤት ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ፣ «የየትኛውን ቀሚስ እጅጌ ነው የምትለው?» አለች። «ተያት፣ ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለቻት ያችኛዋ፣ ያንሾካሾከች መስሏት። ቤቱ ሁሉ ሰማት።

እጅጌው በሩ ሥር ተገኘ። ሲዘንብ ስለዋለ አንዲት አሳቢ ሴት የጃንጥላ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ወፍራም ጨርቅ በሙጫ ደርቆ የተሠራ፣ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው እየጠበበ የሚሄድ ነገር ነው፤ ላላወቀው ሰው እውነትም የጃንጥላ ማስቀመጫ ይመስላል። ልብስ ሰፊዋ ጃንጥላዎቹን እያወጣች ለየባለቤቶቻቸው አደለች። ከዚያ ተቀምጣ ውስጡን በሻርፗ ጫፍ አደረቀችው።

የሟች ታላቅ ወንድም ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተይው እንጂ አንቺ። ወንድሜን የበላው እሱ አይደል? ሐዘኑ እንዳበቃ ብረት ገዢዎቹ መጥተው ቆራርጠው ይወስዱታል። ተነጋግሬያለሁ።»

«ከማን ጋር ጋሼ?»

«ከሰዎቹ ጋር ነዋ።»

«ከእኔ ጋርስ?»

ወንድምየው ወደ ሻይ ብርጭቆው አቀረቀረ።

ይቆረጣል የተባለው ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመው አውሮፕላን ነው። ሟች የአውቶብስ መካኒክ ነበር፤ ቀን የሰው ሞተር ሲጠግን ይውልና ከሥራ መልስ የራሱን አውሮፕላን ይሠራል። ሰፈሩ «አሞራው» ይለዋል። «አሞራው፣ መቼ ነው የምትበረው?» ሲሉት፣ «ላባዬ ይብቀል» ብሎ ያልፋል። ክንፉም ጭራውም አለቀለት፤ አልሆን ያለው ማቀዝቀዣው ነው። ከአሮጌ መኪና የፈታውን ራዲያተር ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር አስሮ፣ ነፋስ የሚያደርስለት የቆርቆሮ ቱቦ ገጠመለት። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ግን ውሃው ይፈላል። ነፋስ አንሶት ነው ብሎ የቱቦውን አፍ አሰፋው። ጭራሽ ባሰበት።

አንድ ቀን ቱቦውን ይዞ ገባና ስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረገው።

«ምነው፣ የሰው ቀሚስ ላይ ዝገት ታራግፋለህ?»

«ነፋሱ ይገባል፤ ራዲያተሩን ግን አያልፍም። ነፋስ ሰነፍ ነው፤ ክፍት በር እያለለት በወንፊት አይሾልክም። በዳር በዳር ያመልጠኛል።»

ቱቦውን ደንበኛ እንዳመጣችው የተበላሸ ልብስ አገላብጣ አየችው።

«ይሄማ እጅጌ ነው» አለች። «መስፋት የማይችል ሰው የቆረጠው እጅጌ። ነፋሱ የሚገባበት አንጓው ይጥበብ፣ ራዲያተሩን የሚይዘው ትከሻው ይስፋ፤ መሐሉ ደግሞ ቀስ እያለ ይስፋ እንጂ እንዲህ በአንዴ አይዘርጠጥ። ብብቱ ጋ ክፍት ከሆነ በሱ በኩል ያመልጣላ!»

አፉን ከፍቶ አያት። «አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ሱሪህን ስጠግን።»

ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለቱም ሆነ። እሷ ለካች፣ ቆረጠች፣ ሰፋች፤ እሱ ሙጫ ቀባ። እንደዚያ ሰሞን ተሳስቀው አያውቁም። በመጨረሻ የቀረው፣ ሰፊው አፍ ከራዲያተሩ ጋር ክፍተት ሳይተው እንዲገጥም ዙሪያውን ለስላሳ ጎማ መስፋት ብቻ ነበር። «ሙጫው ይድረቅና ትሰፊዋለሽ» ብሎ ወደ ሥራ ወጣ። ጋራዡ ውስጥ ምሳ ሊበላ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሆስፒታል ደርሳ እጁን ስትይዘው ቀዝቅዞ ነበር። ያ ቅዝቃዜ ከመዳፏ አልወጣም፤ ትኩስ ሻይ ብትይዝም፣ እጇን ብታሻሽም አልለቀቃትም።

አሁን ጎማውንና ወፍራም መርፌዋን አመጣች፤ ለቀስተኛው መሐል ተቀምጣ መስፋት ጀመረች።

«ኧረ በለቅሶ ቤት መርፌ!» አለች ጎረቤቷ።

«የሱን ነው የምሰፋው» አለች ቀና ሳትል።

ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና በሩ አጠገብ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞረች። ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው፤ ባሏን ከጅምሩ ሲያማክሩት የኖሩ ወዳጁ።

«ካፒቴን፣ ሞተሩን ያስነሱልኛል?»

ወንድምየው ብድግ አለ። «በሐዘን ቤት ሞተር? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ አሞራው ሲለው ኖሯል ጋሼ። ውሃው ከፈላ ይቁረጡት፤ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ካልፈላ ግን ካፒቴን ያበሩታል፤ መጋዝ የሚያስጠጋበት ሰው አይኖርም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ዝናቡ አባርቷል። ካፒቴን ሸራውን ገፍፈው፣ አውሮፕላኑን ከግንድ ጋር አስረው፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደግፈው እጅጌውን ገጠሙት። እሷ የገጠመበትን ዙሪያ በጣቷ ዳሰሰች፤ ክፍተት አላገኘችም። ለቀስተኛው ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ተግተልትሎ ወጣ። ሞተሩ አጓራ፤ ከፊቱ ማራገቢያ የተነሳው ነፋስ መሬት ላይ የተጣለውን ሸራ አርገበገበው። ወንድምየው ሙቀት መለኪያው ላይ አፍጥጦ ቆመ።

«መርፌው እየወጣ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እየወጣ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ካፒቴን ሞተሩን ይበልጥ አስጓሩት። ወንድምየው ወደ መለኪያው ይበልጥ ጎንበስ አለ።

«ቆመ» አለ በመጨረሻ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አየ። «ቆሟል እኮ። ንቅንቅ አላለም። አይ ወንድሜ... አይ ሞኙ ወንድሜ!»

እሷ በጀርባ በኩል ዞራ፣ ነፋሱ ራዲያተሩን አልፎ ከሚወጣበት ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ተንበረከከች። ያንን መዳፏን ዘረጋችው። ነፋሱ ሳይቆራረጥ፣ ሞቅ ብሎ መጣላት። እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ። በአንድ እጇ ፊቷን ጠረገች፤ ሌላውን ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሙቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ አላነሳችውም።