ቆጣሪው አደብ የገዛ ሰሞን

ልብስ ሰፊዋ ከቆጣሪው ጋር ዓይንና ናጫ የሆነችው፣ ለየቤቱ የተመደበው መብራት ካለቀ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚቋረጥ ከተነገረ ወዲህ ነው። ሌላው ቤት ቢጨልም ይጨልማል፤ እሷ ቤት ግን ሳንባቸው የደከመ አባቷ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ ቢቆም የሚሆነውን እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም።

ስለዚህ አምፖል ላይ ዘመተች። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ እየዳበሰ ይገባ ጀመር። ሬዲዮ ከፍተው እንቅልፍ ከወሰዳቸው አባቷንም አትምርም። ሰውየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ተሳፋሪ ሲቆጡ ኖረው፣ ልጃቸው ስትቆጣ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ብዙም ሳይቆይ ፍጆታው ቀነሰ። «አባዬ፣ ቆጣሪው አደብ ገዛ እኮ» አለቻቸው። እሳቸውም እንደተመሰገነ ተማሪ ደስ አላቸው።

አንድ ቀን በሥራ ቦታዋ የስፌት መኪናዋ ተበላሽቶባት በእኩለ ቀን ቤት ገባች። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ማሽኑ ጠፍቷል። አባቷ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ቱቦውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ማሽኑን አበራች፤ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አደረገችላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ «ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የሚውለው እሱ ነው። መብራቱን የሚበላውም እሱ መሰለኝ። አንቺ እስክትመጪ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

በየቀኑ እንዲሁ ሲያደርጉ ሰንብተዋል። ያ የኮራችበት ቁጠባ የአባቷ ትንፋሽ ኖሯል።

ወደ ቆጣሪው ሄደች። ከማሽኑ በቀር ሁሉንም አጠፋች። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚፈጥነው የቆጣሪው ቀይ መብራት ረጋ ብሎ ብልጭ ይላል። ከዚያ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ መልሳ አበራች፤ አምፖሎቹን ቆጣሪው ከቁብም አልቆጠራቸው። የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ ማሞቂያ ስታበራ ግን መብራቱ አበደ። ለጠዋት መታጠቢያዋ ያበራችው ራሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አጥፍታው አታውቅም። ድምፅ የለው፣ ብርሃን የለው፣ ማንም የማይፈልገውን ውሃ ሲያሞቅ ይውላል፤ ማን ይጠርጥረው?

ተመልሳ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። አባቷም፣ «እንግዲያው አንቺ በቀዝቃዛ ታጠቢ፤ እኔ ልተንፍስ» አሏት።

ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። እሳቸው በአንድ እጃቸው ቱቦውን ይዘው፣ በሌላው እንደ ልጅነቷ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጉላት ጀመር።