የኦሊንዶ መቀርቀሪያ

የካስቴልቬሮ እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ኦሊንዶ ባርዛጊ ጎል የሚባል ነገር አይወድም። ሲቆጠርበት ያመዋል፤ የእሱ ልጆች ሲያስቆጥሩ ደግሞ ይጨነቃል፣ የተቆጠረበት ወገን ተናዶ መምጣቱ አይቀርማ። ለእሱ ያማረ ጨዋታ ማለት ዜሮ ለዜሮ ነው። ያን ቀን ሚስቱ ኤርሲልያ የሠራችውን የሩዝ ሪሶቶ ሁለት ሰሃን ይበላል።

«መቀርቀሪያ» የሚለው አሰላለፉ ቀላል ነበር። አራት ተከላካዮች በየአጥቂያቸው ላይ እንደ መዥገር ይጣበቃሉ። ከኋላቸው ሊቤሮው ዴልፎ ማንንም ሳይዝ ያመለጠውን ሁሉ ይጠርጋል። ከፊታቸው ሌላ አራት ሰው ይደረደራል። አንድ አጥቂ ብቻውን ወደፊት ቆሞ፣ ተጋጣሚ ለማጥቃት ሲወጣ የሚነጠቀውን ኳስ ይጠብቃል። በቃ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ኦሊንዶ፣ ለምን አናጠቃም ላለው ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ተከላካይ መሀል ሜዳን ሲሻገር ካየ ደግሞ «ተመለስ!» ብሎ ይጮኻል። እምቢ ያለ ሳምንቱን ሙሉ ሜዳውን ሲዞር ይሰነብታል።

ጣጣው የመጣው በውድድሩ የመጨረሻ እሁድ ነው። ካስቴልቬሮ ወደ ታችኛው ሊግ ላለመውረድ ማሸነፍ ነበረበት፤ አቻ አይበቃውም። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሲኞር ጋርዞኒ ከቅዳሴ ሲወጡ አሠልጣኙን ክንዱን ያዙት።

«ኦሊንዶ፣ ዛሬ ጎል እፈልጋለሁ።»

«አይቆጠርብንም ጌታዬ፣ አያስቡ።»

«እኔ ምን አልኩ፣ አንተ ምን ትላለህ! ከወረድን ከነገ ጀምሮ የሚስትህ ወንድም ሱቅ ገብተህ ሞርታዴላ ቋሊማ ስትቆርጥ ትውላለህ።»

ኦሊንዶን ላብ አጠመቀው። የሚስቱ ወንድም በየበዓሉ ገበታ ላይ ሲያላግጥበት የኖረ ነው፤ እሱ ስር ሽርጥ ታጥቆ ከመዋል ሞት ይሻለው ነበር። ግን ምን ያድርግ፣ ሌላ አያውቅም። ያንኑ መቀርቀሪያውን ይዞ ገባ።

ተጋጣሚው ሳን ዳርዮ አቻ ይበቃዋል። አሠልጣኙም ድሮ ኦሊንዶ ስር የተጫወተ ነውና የተማረውን አልረሳም፤ እሱም ሰዉን ሁሉ ከኋላ ደርድሮ ጥበቃ ያዘ። መልሶ ለማጥቃት መጀመሪያ የሚያጠቃ ሰው ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ኳሷ መሀል ላይ ባለቤት እንዳጣች ላም ቆማ ቀረች። ዳኛው «ኧረ አንዳችሁ እንኳ ንኳት!» እስኪል ደረሰ።

«ሚስተር፣ አልጋ እናንጥፍልዎት?» አለ አንዱ ተመልካች፣ የዱባ ፍሬውን ቅርፊት ወደ ኦሊንዶ እየተፋ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዴልፎ መረረው። ኳሷን ይዞ መሀል ሜዳን ተሻገረ። የሳን ዳርዮ ተከላካዮች እያንዳንዳቸው የታዘዙበትን ሰው ይዘዋል፤ ሊቤሮን ያዝ የተባለ ግን የለም።

«የኔ ሰው አይደለም!» አለ አንዱ።

«የኔም አይደለም!» አለ ሌላው።

እየተነታረኩ አሳለፉት። ግብ ጠባቂው ሮጦ ወጣና አንሸራትቶት በደረቱ ተዘረረ። ጎሉ ባዶ ሆነ። ተመልካቹ ሁሉ ብድግ አለ። ዴልፎ እግሩን አነሳ። ኦሊንዶም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎል አማረው፤ «ምታ!» ሊል ከመቀመጫው ዘሎ አፉን ከፈተ።

«ተመለስ!» ብሎ ጮኸ።

ዴልፎ ዞረ። ኳሷን ወደ ራሱ ግብ ጠባቂ ለጋት። ፊሽካው ተነፋ፣ ዜሮ ለዜሮ፣ ካስቴልቬሮ ወረደ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ኦሊንዶ የዴልፎን ማሊያ ጨምድዶ ያዘ።

«አንተ ከብት! ባዶ ጎል ትተህ ትዞራለህ?»

«ጠሩኝ እኮ ሚስተር።»

«ብጠራህስ! ጭንቅላት የለህም?»

«እዚህ ክለብ ስመጣ ነበረኝ» አለ ዴልፎ ጫማውን እየፈታ። «እርስዎ ነዎት አታስብ፣ እኔን ብቻ ስማ ያሉኝ።»

ኦሊንዶ ማሊያውን ለቀቀ። ሌሎቹን አያቸው። ጭቃቸውን እንደለበሱ በአግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ የሚላቸውን ይጠብቃሉ። አንድ ሰው እንኳ በተነሳና በሰደበኝ ብሎ ተመኘ። ማንም አልተነሳም።

«ልብሳችሁን ቀይሩ» አላቸው በመጨረሻ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሱና መቀየር ጀመሩ።