አርባ ስም በአንድ ሳፋ

«የቱ የየቱ ነው?»

የአትክልት ቦታው ኃላፊ የጠየቀቻት ይህንኑ ብቻ ነበር። እናትየው የታቀፈችውን ሳፋ ቁልቁል አየች። ሳፋው ውስጥ የአርባ ተክል ስም የተጻፈባቸው አርባ የብረት ታርጋዎች በሳሙና ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ከየመደቡ እየነቀለች የሰበሰበቻቸው ራሷ ናት። የቱ ከየትኛው ተክል ሥር እንደተነቀለ ግን ምልክት አላደረገችም።

ጣጣውን ያመጣው ፊደል ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ጭቃ የለበሰ ጽሑፍ አይታ ማለፍ አቅቷታል። የሱቅ ማስታወቂያም ይሁን የበር ቁጥር፣ ቆሽሾ ካየችው በእጅጌዋ ትወለውለዋለች። ነገ ተማሪዎች የአትክልት ቦታውን ሊጎበኙ ነው ሲባል ደግሞ ማን ያቁማት! እሷ የተማረችው የአማርኛ ፊደል፣ ታርጋው ላይ ያለው ግን የፈረንጅ መሆኑ የታወሳት ሳፋው ከሞላ በኋላ ነው።

«ነገ ጠዋት ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት አያለሁ» አለች ኃላፊዋ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለስብሰባ እየወጣች። «በየቦታቸው ካላገኘኋቸው የሙከራ ጊዜሽ እዚሁ ላይ ያበቃል።»

እናትየው ዞራ አጥሩን አየች። የዚህ አትክልት ቦታ አጥር ከልጇ ትምህርት ቤት ጋር ይዋሰናል። በእረፍት ሰዓት በሽቦው ቀዳዳ ልጅቷ ሹራቧን መልበስ አለመልበሷን ታያለች። ልጅቷ «እማዬ፣ ልጆቹ እየሳቁብኝ ነው፣ ሂጂልኝ!» ብትላትም ነቅነቅ አትልም። ሌላ ሥራ ቢፈለግ ይገኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለው ሥራ ግን ከወዴት ይመጣል?

ሳፋዋን ይዛ ወደ ሽማግሌው አትክልተኛ በረረች። ሽማግሌው ደጅ በተዘረጋው ጠረጴዛቸው ላይ ዘር በጣታቸው እየለዩ ነበር።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ!»

እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ሰደዱና ሳቁ። «አጠብሻቸው? በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንም አጥቧቸው አያውቅም እኮ!»

«ልባረር ነው እያልኩዎት ይስቃሉ?»

«በይ ነይ። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትሮጫለሽ።» አንዱን ታርጋ ማጉያ መነጽራቸው ሥር አስገብተው አፍንጫቸው እስኪነካው አጎነበሱ። «ፔላርጎኒየም። ግሪክኛ ነው፤ ፔላርጎስ ማለት ሽመላ። ፍሬው እንደ ሽመላ መንቁር የሾለውን ፈልጊ።»

ሮጠች። ጥቂት ቆይቶ ከመደቦቹ መሃል «አገኘሁት! መንቁሩን ቀስሯል!» የሚል ጩኸት መጣ።

«ሚዮሶቲስ። ይህም ግሪክኛ ነው። የአይጥ ጆሮ።»

«ይችን የመሰለች ሰማያዊ አበባ?»

«አበባዋን ተይና ቅጠሏን ዳብሻት።»

ዳበሰቻት። «እውነትም ጆሮ!»

«ሮዝማሪኑስ። ይኸኛው ላቲን ነው፤ የባሕር ጤዛ። በአፍንጫሽ ፈልጊያት፣ የጥብስ ቅጠል ናት።»

«የጥብስ ቅጠልን ነው የባሕር ጤዛ ያሏት? ጠግበው ነው ስም ያወጡት!»

«ኢምፓሺየንስ፤ ትዕግሥት የለሽ ማለት ነው። የበሰለ ፍሬዋን ገና ሲነኳት ፈንድታ ዘሯን ትበትናለች። ያንቺ ሞክሼ።»

«አሁን የቀረን ቀልድ ነው? ቀጣዩን ይበሉ እንጂ!»

«አላልኩም?»

እንዲህ እየተባባሉ ሠላሳውን አለፉ። አንዴ እርግጠኛ ለመሆን ቅጠል ቀጥፋ አመጣችላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን የዘረጉት እሷ ወደሌለችበት በኩል ነበር። ቅጠሉን ተቀብለው አሸተቱት፤ አላዩትም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት።

«ጋሼ… ዓይንዎ…»

«ማጉያው ሥር ያለውን አነባለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለኃላፊዋ እንዳትነግሪብኝ። ያለዚህ አፈር ምን አለኝ?»

«ከነገርኩ ምላሴን ይቁረጠው!»

በመጨረሻ ሁለት ታርጋ ቀረ። «አኩዊሌጂያ። አኩዊላ በላቲን ንስር ነው፤ አበባዋ ከኋላዋ እንደ ንስር ጥፍር ቆልመም ያለ ነገር አላት። ሁለት እህትማማች ናቸው፣ ጎን ለጎን። በቀኝ እጅሽ ያስያዝኩሽ ፎርሞዛ ይላል፤ ቆንጆ ማለት ነው። በግራሽ ያለው ቩልጋሪስ፤ የትም የምትገኝ፣ ተራ። ቀለማቸው…»

«ይኸማ ምን ጥያቄ አለው!» ብላ ሄዳለች።

አንደኛዋ ቀይና ቢጫ ናት፣ ዓይን የምትወጋ። ሌላዋ ሰማያዊ ናት፤ አንገቷን ደፍታ የምትኖር፣ እናትየው በየጠዋቱ ውኃ ስታጠጣት «እንዴት አደርሽ፣ የኔ እመቤት» የምትላት። እሷን ነው ተራ የምትላት? ሞታ ነው ቆማ! ቆንጆ የሚለውን ሰማያዊዋ ሥር አጥብቃ ተከለችው።

በማግስቱ ኃላፊዋ ከመደብ መደብ እየተዘዋወረች አየች። እናትየው ባዶ ሳፋዋን ታቅፋ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተከተሏት። መጨረሻው መደብ ላይ ኃላፊዋ ቆመች።

«ሠላሳ ስምንቱ ልክ ነው። እነዚህ ሁለቱ ተለዋውጠዋል። ቀይዋ ናት ፎርሞዛ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ይህ እንዴት አመለጠዎት? ፊትዎ ነው እኮ ያለው።»

«የኔ ጥፋት ነው!» አለች እናትየው ቀድማ። «እሳቸው የሉበትም! ችኩል ነኝ፣ ሳልሰማ ነው የሮጥኩት፣ እኔን ያባርሩኝ!»

«ተይ እስቲ» አሉ ሽማግሌው ኃላፊዋን። «ማንንም አታባርሪ። ፊቴ ያለውን ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ትናንት ዓይኑ እሷ ነበረች፣ እኔ አፍ ብቻ።» ቀጥለው ለእናትየው ፈገግ አሉላት። «ሰማያዊዋን ነው ቆንጆ ያልሻት? እኔም ስም አውጪው ብሆን እንዳንቺው ነበር።»

ኃላፊዋ ወደ እናትየው ዞረች። ከአጥሩ ወዲያ የተማሪዎቹ ጫጫታ እየቀረበ ነው።

«የሌሎቹን ትርጉም ታስታውሻለሽ?» አለቻት።

እናትየው ከመጀመሪያው መደብ ጀመረች። ሽመላ አለች፣ የአይጥ ጆሮ አለች፣ የባሕር ጤዛ አለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ተማሪዎቹ ከበዋት ነበር፤ አላቆመችም።

በወሩ መጨረሻ ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ወንድ ልጃቸው ቤት ሄዱ። እናትየው ሥራዋ ላይ ቀረች።