ከውስጥ የሚቀረቀር ሳጥን

ይህን ታሪክ ስነግራችሁ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ቀጣፊው» ነው የሚለኝ። ከአምስተኛ ክፍል የተባረርኩትም «ያረፈድኩት አባቴን ጅብ በልቶት ነው» ባልኩበት ደቂቃ አባቴ የረሳሁትን ደብተር ይዞልኝ በሩ ላይ ብቅ ስላለ ነው። ይኼኛው ግን እውነት ነው። «ወንድሜ ይሙት» ብዬ እንዳልምልላችሁ ታሪኩ የራሱ የወንድሜ ነው፤ በቁሙ በሞተ ሰው መማል ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ በራሴ ልማል፦ ዋሽቼ ከሆነ ይህች ምላሴ እንደ ጣውላ ትድረቅ።

ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። እሱ የሠራውን እኔ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ስለ እጁ ምን ልበላችሁ? እሱ የገጠመው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ጉንዳን ገብታ፣ መውጫ ቀዳዳ አጥታ፣ እዚያው ጡረታ ወጥታለች። ያየ ይመስክር።

አንዲት ልጅ አለችው፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ። አፏ ስለማያርፍ «ድንቢጥ» ነው የምንላት። ልጅቷ በኔ ነው የወጣችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወርክሾፑ ውስጥ ትገባና፣

«አጎቴ፣ ዛሬ ድመታችን ስልክ አነሳች» ትለኛለች።

«ከዚያስ?»

«አባዬ የለም፣ እንጨት ሊቆረጥም ሄዷል አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደዋዩ አይጥ ሆኖ ተገኘ!»

የጨዋታችን ሕግ ይኼው ነበር። አንዱ ይቀጥፋል፣ ሌላው «ከዚያስ?» ይላል፤ «ከዚያስ?» ማለት ያቃተው ተሸነፈ። ወንድሜ ከመጋዙ ላይ ቀና ሳይል «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን አታበላሽብኝ» ይለኛል። ከዚህ ሌላ አይናገርም። ወንድሜ ቃል እንደ ሚስማር ይቆጥባል።

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሲመጣ ድንቢጥ ከክፍሉ ጭራ ሆነች፤ ወላጅ ይምጣ ተባለ። እናቷ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ላይ ስለነበረች ወንድሜን አጅቤ የሄድኩት እኔ ነኝ። መምህሯ ወጣት ናት፤ በዚያች ልጆች በሚቀመጡባት አጭር ወንበር ላይ ወንድሜን አስቀምጣ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ እንዲህ አለችው፦

«ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፣ ሐሳቧ ስለሚበታተን ነው። እቤት ሦስት ነገር ያድርጉላት። የምታጠናበት ጸጥ ያለ ቦታ ይስጧት። ትንሽም ቢሆን አብረዋት ያንብቡ። ከሁሉም በላይ ግን ውሎዋን ይጠይቋት፤ ስትነግርዎት ደግሞ ሳያቋርጡ እስክትጨርስ ይስሟት።»

ወንድሜ በየመሐሉ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ስንወጣ ግን ይዞ የወጣው አንዱን ብቻ ነበር፤ በእንጨት የሚሠራውን።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛና ቴሌቪዥኑ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጡ ነው የሚኖሩት። የጎረቤት ራዲዮ በግድግዳው በኩል ዜና ያነባል። ወንድሜ ጥግ ላይ ቆሞ በሜትሩ ለካ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ሥራ ጀመረ። ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር በኮምፖርሳቶ ጣውላ ሠራ። ግድግዳውን ድርብ አድርጎ በመሐሉ የሶፋ ስፖንጅ ጠቀጠቀበት። ውስጡ ጠረጴዛ፣ መቀመጫ፣ መብራትና የአየር ቀዳዳ አለው። ማንም ገብቶ እንዳይረብሻት መቀርቀሪያውን ከውስጥ አደረገው። ሌባ እንኳ እንዳይነቅለው የበሩን ማጠፊያዎች ከውስጥ ደበቃቸው።

እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ከሥራ ገብታ ስታየው ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የጥናት ክፍል።»

«ልጄን ነው ወይስ ካፖርት ልትሰቅልበት?»

«መምህሯ ናት ያዘዘችው።»

«መምህሯ ሳጥን አለች?»

«ጸጥታ አለች። ጸጥታ በምን ይሠራል ታዲያ፣ በሊጥ?»

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ድንቢጥማ በደስታ ልትበር ነበር። ገብታ ቀረቀረች፣ ቆይታ ወጣችና «አጎቴ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ዝንብ ስታስብ ይሰማል!» አለችኝ። እኔ ገብቼ ብሞክር የገዛ ጢሜ ሲያድግ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ግን መግባት አልወደድኩም። ቫርኒሹን ስቀባው አንድ ሌላ ዓይነት ሳጥን ትዝ ብሎኝ ብሩሼን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የፈተና ውጤቷ ወጣ። ድንቢጥ ከጭራ ተነስታ ከፊተኞቹ ተሰለፈች። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬኛ ሆነ፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ ያወራል። ወላጆች እየመጡ ሳጥኑን በጣታቸው አንኳኩ፣ «ለኛም!» አሉ። ወርክሾፑ በሳጥን ተሞላ። ወንድሜ ለሰው ልጆች ጸጥታ ሲሠራ እያመሸ፣ እቤት ሲደርስ የገዛ ልጁ ቀርቅራ ገብታለች።

ወርክሾፕ መምጣቷን መቼ እንደተወች ልብ አላልኩም። አንድ ቀን እቤት ሄጄ «ድንቢጥ፣ ድመቷ እንዴት ናት?» አልኳት።

«ደህና ናት።»

«ስልክ አላነሳችም?»

«ድመት ስልክ አታነሳም፣ አጎቴ» ብላኝ ገባች። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

እራቷን እዚያው ትበላ ጀመር። እትዬ ሳህኑን በሩ ሥር ታስቀምጥና ዞር ስትል ትወስደዋለች። እናትና አባት በሳጥኑ ምክንያት መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ያቺ ቀጭ የምትለው ድምፅ ትመጣለች። እንግዲህ ስፖንጁን ወንድሜ ራሱ ነው የጠቀጠቀው፤ የእነሱ ጩኸት አይገባም፣ የሷም ትንፋሽ አይወጣም።

መምህሯ ዳግመኛ አስጠራችው። ያቺው አጭር ወንበር።

«ውጤቷ ጥሩ ነው» አለች። «ነገር ግን ክፍሉ ሲንጫጫ ዴስክ ሥር ትገባለች። ከማንም ጋር አታወራም። እቤት ታወራለች?»

«መምህርት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አሉኝ፣ ሠራሁላት።»

«ሌሎቹንስ ሁለቱን?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «የትኞቹን ሁለት?»

እቤት እንደገባን ሳጥኑ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ፤ መጋዝ እንጂ ልጅ ይዞ የማያውቅ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ፣

«እመቤቴ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» አለ።

በአየር ቀዳዳው በኩል «ደህና» የሚል መጣ።

ወንድሜ ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ከዚያ ምን ይባላል?» አለኝ በሹክሹክታ።

ይኼ ሰው ጸጉሩ ሸብቷል። ልጁን ምን ብሎ እንደሚያናግራት እኔን፣ ቀጣፊውን፣ ይጠይቀኛል።

«ከዚያስ? በላት።»

«ከዚያስ?» አለ። ዝም። «ከዚያስ፣ ልጄ?» ዝም።

ጎኑ ቁጭ አልኩና አፌን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ድመቷ ትምህርት ቤት ደውላ «ድንቢጥ ዛሬ አትመጣም፣ የአይጥ ትምህርት ታስተምረኛለች» አለች፤ መምህሯም «አይጥ በስንተኛ ክፍል ነው የሚሰጠው?» ብላ ጠየቀች። እዚህ ላይ ቆምኩ። ወንድሜ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። እትዬ የእጇን ፎጣ ወደ አፏ ወሰደች። ከውስጥ፣ ክር የምታህል ድምፅ፣ «ከዚያስ?» አለች።

ቀጠልኩ። ድመቷን ዩኒፎርም አለበስኳት፣ ርዕሰ መምህር አደረግኳት። መቀርቀሪያው ግን አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ገባች። እናቷ ስታንኳኳ «ደህና ነኝ» ማለቱንም ተወችው። ወንድሜ በሩን በመሮ ሊያላቅቅ ሞከረ፤ ማጠፊያዎቹ የሉም፣ እሱ ራሱ ነው የደበቃቸው። በትከሻው ገፋው፤ እሱ የገጠመው ነገር መቼ ይላቀቃል? መጨረሻ ላይ መጋዙን አመጣ። እትዬ «ቀስ! ልጄ ከውስጥ ናት!» እያለች እጁ ላይ ተንጠለጠለች። ከላይ በኩል ቆረጠው። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከመጋዙ ጋር እኩል እያቃሰተ።

ክዳኑን ሲያነሳው ድንቢጥ ጆሮዋን በመዳፎቿ ደፍና፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የእንጨት ዱቄትና የስፖንጅ ፍርፋሪ ጸጉሯን አልብሶታል። አላለቀሰችም። ዓይኗን ገልጣ አባቷን እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

አሁን ሳጥኑ የለም። የቆመበት ቦታ ግን ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ጥርት ብሎ ቀርቷል፤ ሌላው ወለል ወይቧል። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች። ያንን በር በምን መጋዝ ትቆርጠዋለህ? ወንድሜ በጊዜ እየገባ አጠገቧ ይቀመጣል። መጽሐፍ ያነብላታል፤ ማንበብ ስለሚከብደው በጣቱ እየተከተለ። «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል። «ደህና።» «ከዚያስ?» ይላል፣ ሁልጊዜ ይላል። የሳጥን ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል፤ ሥራውን ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ ወስዶታል። ማምሻውን በሰፈሩ ሳልፍ ከየቤቱ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል እሰማለሁ።

አሁን ካመናችሁኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጉንዳኗ እውነት ናት። ጢሜም እውነት ነው። ከሳጥኑ ውስጥ «ከዚያስ?» ያለችውን ድምፅ ግን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ያን ምሽት ከውስጥ ምንም አልተሰማም።