መጣሁ ብሎ የወጣው

ቀያሹ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ አልመጣም። ጉዟችንን ያበላሸው ይኸው ነው፤ በረዶም ገደልም አይደለም።

ነገሩን ላሰበው ይገርማል። ሰው እግሩን ከደጅ እያወጣ፣ ጀርባውን እያዞረ «መጣሁ» ይላል። የሰማውም «እሺ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሄደ እኮ የሚል የለም። እኔም በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው እንጃ። ለመጀመሪያ ጊዜ የከለከሉን መንገድ መሪያችን ናቸው፤ ያውም ገና ተራራው ግርጌ ቦርሳችንን እያሰርን ሳለ። ፂማቸው የሸበተ፣ ጉልበታቸው ያልሸበተ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን።

«እዚህ ላይ ‹መጣሁ› ብሎ መውጣት የለም» አሉ። «የሄደ ‹ሄድኩ› ይበል፣ የመጣ ‹መጣሁ› ይበል። ወዴት እንደሚሄድም ይናገር።»

ሳቅን። ቀያሹ ወዲያው «ጋሼ፣ ከዛፉ ጀርባ ሄድኩ» ብሎ ሄደ። ሲመለስ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመና «መጣሁ» አለ። ጋሼ አልሳቁም።

ሦስት ነን፤ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያልተለያየን። ቀያሹ መሬት ይለካል፤ ከልማድ ብዛት ሲራመድ እንኳ እርምጃው እኩል እኩል ነው። ፋርማሲስቷ ቦርሳዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ እንክብል ይበዛል። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የተነሳነው፣ ተራራ ወጪዎች ጫፉን ከመሞከራቸው በፊት ድንኳን ተክለው ወደሚሰነብቱበት ቦታ፣ ቤዝ ካምፕ ወደሚሉት ነበር። ጫፉ አያገባንም። እኔንማ ካምፑም አያገባኝም። የፈለግኩት ከካምፑ ፊት ለፊት ያለውን ግግር በረዶ ነው።

ግግር በረዶን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ። እንዴት እንደሚጠራቀም፣ በራሱ ክብደት እንዴት ቁልቁል እንደሚንሸራተት፣ ዓለቱን እንዴት እየፋቀ እንደሚሄድ እናገራለሁ። ባለፈው ዓመት ከኋላ መቀመጫ አንዷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሲሄድ ድምፅ አለው?» አለችኝ። አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኳት። ቪዲዮ ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ ሙዚቃ ተደርቦበታል። ያላዩትን ማስተማር አያሳፍረኝም፣ ግማሹ ትምህርት እንደዚያ ነው። ጥያቄው ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትለው ሁልጊዜ እኔን እያየች ነው። ጋሼም የፈሩት እኔን ነበር። ፊት ፊት ባልኩ ቁጥር በዱላቸው ጫፍ ቦርሳዬን ይነኩና ወደ ኋላ ይመልሱኛል። ቀያሹን ግን «ይሄ ፍየል ነው፣ ለሱ ሐሳብ የለኝም» ይሉ ነበር። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ከፍታው አሞት ያስመለሰው ሰው ይወርዳል፤ መሪው አንድ ስለሆነ ሁሉም አብሮት ይወርዳል።

ከካምፑ በፊት ያለው የመጨረሻ ማረፊያ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የድንጋይ ክፍል ነው። ጣሪያው ንፋስ በመጣ ቁጥር ይንቋቋል። ድስቱ ጥላሸት ጠጥቶ ከውስጥ ከውጭ አይለይም፤ ማታ የሰቀልነው ካልሲ ጠዋት እንደ ጣውላ ቆሞ ነበር። ፋርማሲስቷ የራሷን በመዳፏ መሀል እያሸች ለማለስለስ ትታገላለች። ጋሼ ጄሪካን ይዘው ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል። ቀያሹ ሻዩን ሳይነካው ተነሳ። «መጣሁ» አለና ወጣ። እሺ አልነው።

ጫማዬን አሰርኩ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። የሰው ልጅ ሽንት ቤት ገብቶ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ከፋርማሲስቷ ጋር መከራከር ጀመርን፤ እሷ እንደ ባለሙያ የሆድ ድርቀት ነው አለች፣ እኔ ስንፍና ነው አልኩ። ጋሼ ተመልሰው ገቡና ዙሪያውን አይተው «ልጁስ?» አሉ።

«መጣሁ ብሎ ወጥቷል» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ጄሪካኑን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «መጣሁ ካለማ ሄዷል» አሉ።

ሽንት ቤቱ ባዶ ነበር። ከጀርባው በእግር በረዶ የተገፋበት ትውከት አገኘን፤ አንዱ የዛሬ፣ ሌላው የትናንት። ትናንት እንደደረስን «መጣሁ» ብሎ የወጣውም ለዚሁ ኖሯል። ዱካው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ካምፑ ይሄዳል። ያ እኩል እኩል የሚራመድ ሰው አንዴ ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጠበብ አድርጎ ረግጧል። ፋርማሲስቷ አጎንብሳ አየችውና ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። ከፍታው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበታል፣ እንደ ሰካራም እየሄደ ነው፣ ዛሬውኑ ካልወረደ ይሞታል አለች። ጋሼ «ፍየል ያልኩት እኔ ነኝ» ብለው ዱላቸውን አንስተው ቀደሙ፤ እኛም የሱን ቦርሳ ጨምረን አዝለን ተከተልን።

ጉም ወርዶ ነበር። እየወጣን ሳለ በሆዴ ሁለት ነገር እመኝ ነበር፤ እሱን ቶሎ እንድናገኘው፣ ስናገኘውም ካምፑ አጠገብ እንዲሆን። ሁለቱም ሰመረ። በረዶው ከላይ ገፍቶ ያመጣው የድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ ኮፍያው ተጣሟል፣ አንድ ጓንቱ የለም። ከክምሩ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ጠርሙስ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ሳብ ብሎ ይታያል። ግግሩ ነው። ድንጋይ ብወረውር ሊደርስበት ምንም አይቀረው።

«ሰማኸው?» አልኩት።

«እንዴት ነህ ይቀድማል» አለች ፋርማሲስቷ፣ ጓንቷን አውልቃ እያለበሰችው።

ምላሱ ተሳስሮ ነበር። ዓይኑን እኔ ላይ ለማሳረፍ ጊዜ ወሰደበት። «ሰማሁ» አለ። «በር ነው።»

«የምን በር?»

«የሚዘጋ። ሰው ገብቶ ይሁን ወጥቶ አይታወቅም።»

ለምን ብቻህን መጣህ ስትለው ወደ እኔ በአገጩ አመለከተ። ባንተ ምክንያት ተመለስን እያለች ዕድሜ ልኬን ስትነተርከኝ ከምኖር ብዬ ነው አላት። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ እንደ ጨርቅ ታጠፈ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከሁለት ወገን ደግፈው ካልያዙት ይወድቃል፣ አራት ቦርሳም አለ። ጋሼ በቀኝ ገቡ። ፋርማሲስቷ ቦርሳዎቹን እየደራረበች ነው። በግራ በኩል እኔ ነኝ የቀረሁት።

ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። በረዶው ውስጥ ጥቁር ስንጥቅ አየሁ። ድምፅ ሊያወጣ ከሆነ ከዚያ ነው የሚያወጣው ብዬ አሰብኩ።

«እናንተ ጀምሩ» አልኩ። «መጣሁ።»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳበቃ ነው የሰማሁት። ጋሼ የቀያሹን ግራ ክንድ አንስተው እንደ ዕቃ ወደ እኔ ዘረጉት። ተቀበልኩና አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬን ወደ ኋላ አቁሜ ነበር። የሰማሁት ንፋሱን እና የሱን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ፋርማሲስቷ ያዋጠችው መድኃኒትም መውረዱም ረዱት። ማረፊያውን አልፈን፣ ከዚያም በታች ወዳለው መንደር ወርደን፣ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ ካስተኛነው በኋላ የመጀመሪያ ንግግሩ ስለ ምግብ ነበር። በነጋታው ጠዋት ትራሱን ተደግፎ ፋርማሲስቷን ጨውሽ አነሰ፣ ዳቦሽ ደረቀ እያለ ያማርራል። እሷም ጣቱ ላይ የታሰረውን የኦክስጅን መለኪያ እያየች፣ ሰው ሲድን የሚታወቀው ምስጋና ሲያቆም ነው አለች። ስለ ተራራው ስጠይቃት፣ እኔ ጨርሻለሁ፤ በረዶ ያማረው ሰው ፍሪጅ ይክፈት አለችኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ጭንቅላቱ ስለጠራ በደንብ ልጠይቀው ነው። ያ በር ያልከው፣ ይንቋቋል ወይስ ይጮኻል? ከባድ ነው ቀላል? ከሩቅ ነው ከቅርብ?

ሹካውን አስቀምጦ አየኝ። «በር አልኩ?»

«አልክ።»

«እኔ? ድንጋዩ ላይ መቀመጤንም አላስታውስ።»

አንድ የሰማ ሰው ነበረኝ፣ እሱም ረሳው። ያቺ የጠየቀችኝ ተማሪ ጋ ሄጄ የታመመ ሰው በር ብሏል ልላት ነው። ተነሳሁና ቦርሳዬን መጠቅጠቅ ጀመርኩ። ጋሼን አስቀድሜ ለምኛቸው ነበር፤ ደህና ነሽ፣ ግን ከኋላዬ ነው የምትሄጂው ብለው ተስማምተዋል፣ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ፋርማሲስቷ ሰው ታሞ ተኝቶ ጥለሽው ልትሄጂ ነው ወይ ብላ ቆጣ አለች። ግማሹ የምር ነው።

«ተያት» አለ ቀያሹ። «እዚህ ከቀረች እኔን ነው ቀኑን ሙሉ የምትመረምረው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ መጣሁ በይና ሂጂ» አለኝ። እየቀለደ ይመስል ነበር፤ ዓይኑ ግን አይቀልድም።

ቦርሳዬን ተሸከምኩ፣ ማሰሪያውን ወገቤ ላይ አጠበቅኩ።

«ሄድኩ» አልኩት። «ግግሩ ጋ። መጣሁ የምለው ስመጣ ነው።»

ወጣሁና፣ ድምፁን በደንብ ልስማው ብዬ፣ በሩን ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት።