ሰው የሞተባት አልፋ

«ሰው ሞቶባታል» ይላል ቢምረው። ገና ሰላም ሳይል ይላል። ደረጃ ላይ ይላል፣ ሱቅ ውስጥ ይላል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ይላል። «ያቺ የሸዋርካብ ቀይ መኪና ሰው ሞቶባታል። የቀድሞ ባለቤቷ፣ አንድ ሽማግሌ፣ መሪዋ ላይ ድፍት ብሎ ነው የቀረ።»

መጀመሪያ የሽማግሌው ልብ ነበር ቀጥ ያለው። በሳምንቱ ደም ተጨመረበት። ወር ሳይሞላ ደግሞ ሽማግሌው ሦስት ቀን ሳይገኝ ሰንብቶ ወንበሩ ላይ ሸተተ። የቢምረው ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይነፋል፣ ይኮመጥጣል።

አንድ ቀን የሕንጻችን መግቢያ ላይ ያዝኩት። «ማን ነገረህ?»

«አሳፍ ነዋ፣ አለቃዬ! እሱ የማያውቀው አሮጌ መኪና አለ?»

«አሳፍ ያለህን ሁሉ ትውጣለህ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲመክርሽ ስሚ። ሬሳ የነካው ነገር ቤት አይገባም።»

«መኪናዋ ውጭ ነው የምታድረው። ቤት የምትገባው አንተ ነህ።»

ሸዋርካብ እኔ ነኝ። ቤርሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ ከስንቅነሽ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። መኪናዋ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ትንሽ ናት፣ ባለ አራት በር፣ ቅርጿ የብስኩት ቆርቆሮ። የማያውቅ ሰው ይስቅባታል። ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ የሰጣት ግን አይስቅም፤ ድምጿ ከጆሮ ቀድሞ ሆድ ውስጥ ይገባል።

ከአሮጌ መኪና ነጋዴ ስገዛት ሞተሯ አይነሳም ነበር። ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ የለም። የዕብራይስጡን ፎረም አነበብኩ፣ የጣሊያንኛውን የጥገና መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት ፈታሁ። በጣሊያንኛ «እወድሃለሁ» ማለት አልችልም፤ «ካርቡራተሩን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ይፍቱ» ማለት ግን እችላለሁ። ካየኋቸው ወንዶች አንጻር ይኸኛው ይበልጥ ይጠቅማል። የመሪዋን ቆዳ በእጄ ሰፋሁት፤ ጣቴ እስኪደማ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ በበረሃው የስዴ ቦቄር መንገድ አወጣታለሁ። ኩርባው ላይ ጎኗን ሰጥታ እንደ ፍየል ትዞራለች፣ አሸዋው ከኋላችን ይነሳል፣ እኔም ለዚያች ሰዓት የማንም አጣቢ አይደለሁም።

አሳፍን የማውቀው ከአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ነው። ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ሙሳክ የሚሉት ጋራዥ አለው፤ ቢምረው እዚያ ጎማ ይቀይርለታል። የአሳፍም መኪና የኔው ዓይነት አልፋ ናት፤ ነጭ፣ ዳሽቦርዷ የተሰነጠቀ፣ ሞተሯ እንደ ምጣድ የሚያጨስ። የማኅበሩ ሰዎች ሲሰበሰቡ ማየት ያቅለሸልሻል። ቦርጫቸውን አስቀድመው በየመኪናው ዙሪያ ይዞራሉ፤ «ሙሽራዬ» ይላሉ፤ ሚስታቸውን እንደዚያ ዳብሰው እንደማያውቁ እምላለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንዱ «የወንድምሽ ናት?» አለኝ። ሌላው «ማነው የሚያስተካክልልሽ?» አለኝ። አሳፍ ግን ምንም አልጠየቀም። ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሩን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። «ሞታቅ፣ ስትሰለችሽ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ» አለ፤ ሞታቅ የኔ ጣፋጭ ማለት ነው።

«አትሰለቸኝም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ወሬው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ለወሬ ግድ አልነበረኝም፤ ለእናቴ ግን ነበረኝ። እናቴ በሕይወቷ የመኪና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። አውቶቡስ፣ የጽዳት ሠራተኞች ቫን፣ አንድ ጊዜ አምቡላንስ። ለስግድ፣ ለኛ ለቤተ እስራኤላውያን የጸሎት በዓል፣ ኢየሩሳሌም በአልፋዋ ይዣት ልወጣ ቃል ገብቼላት ነበር፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ከአጠገቤ። እሷም ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ለስግድ የሚወጣ ሰው ግን ንጹሕ መሆን አለበት፤ ጾሞ፣ ታጥቦ። ቢምረው ወሬውን ያስገባው እዚህች ስንጥቅ ውስጥ ነው።

«አልወጣባትም፣ ሸዋዬ» አለችኝ። «ባገራችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከቤት ውጭ ነበር የሚቀመጥ። እንዴት ሬሳ የተቀመጠባት ላይ ተቀምጬ ለጸሎት እሄዳለሁ?»

«ውሸት ነው፣ እማ።»

«ጠይቀሽ አረጋግጪልኝ እሺ። የሸጠልሽን ሰውዬ ጠይቂው።»

ለውሸታም ማስረጃ ይዤ ልቁም? ቢምረው አፉን በከፈተ ቁጥር እኔ ደጅ ለደጅ ምስክር ልፈልግ? አልጠየቅኩም። «የኔ ቃል ካልበቃሽ ይቅርብሽ» አልኩና ጨመርኩላት፦ «እኔኮ ቀኑን ሙሉ የሞቱ ሰዎችን አንሶላ ነው የማጥበው። በር ላይ ልብሴን ቀይሬ ስገባ ምንም አትይም።»

«እሱ ሥራ ነው። ይታጠባል።»

«ሥራ ሲሆን ይታጠባል፣ ደስታ ሲሆን ይረክሳል?»

ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ለካ እያሰበች ነበር።

የስግድ ዋዜማ ከሥራ ስመለስ ከሕንጻችን ሥር ሰው ተሰብስቧል። የአልፋዬ አራቱም በሮች ወለል ብለዋል፣ ኮፈኗ ተነስቷል። ቢምረው የአትክልቱን ቱቦ ይዞ ሞተሯ ላይ ይለቃል። እናቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ክርኗ ድረስ አረፋ ሆና፣ በባልዲ ዳሽቦርዱ ላይ ትደፋለች። ውሃው ከመቀመጫዎቹ እየተንዠቀዠቀ በበሮቹ ሥር ይወርዳል።

«እልል በይ!» አለችኝ እያለከለከች። ፊቷ በርቷል። «ቄሱ ጋ ደወልኩ። ‹ሸክላ ቢሆን ይሰበር ነበር፤ ብረት ግን በወራጅ ውሃ ይታጠባል› አሉኝ። ቤርሼቫ ወንዝ የት አለና? ቱቦም ወራጅ ነው።»

«እማ፣ መኪና መሆኑን ነገርሻቸው?»

«ብረት ነው አልኳቸው።»

«ኮፈኑን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ቢምረው። «ሞተሩስ ብረት አይደል? እማማ ስንቅነሽን አግዤ ነው የቆምኩት፤ ምስጋናሽ የታለ?»

ምን ልበለው? ምላሴ ሰው እንደሚልጥ አውቃለሁ፤ ግን እናቴ በመካከላችን እንደ ልጅ እየሳቀች ቆማለች። ለኔ ብላ ነው። ከአጠገቤ መቀመጥ ስለፈለገች ነው። ምላሴን ነክሼ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ፣ ከዚያ ምንም።

«ሲደርቅ ይነሳል» አለ ቢምረው።

አልተነሳም። ፊውዞቹን ቀየርኩ፣ ካንዴላዎቹን ፈትቼ አደረቅኩ፤ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አሁንም ጠቅ ብቻ ነበር። በማኅበረሰቡ አውቶቡስ ሄድን። ቢምረው ፊታችን ተቀምጦ አንኮራፋ። እናቴ ጥላዋን ታቅፋ በመስኮት እያየች፣ «ታጥባ ነበር እኮ» አለች። «ንጹሕ ነበረች።»

ልጠግናት እችል ነበር። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ መለወጥ ነው፤ ከዚያ የባሰም ሠርቻለሁ። እናቴን ግን ልጠግናት አልቻልኩም። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች። መኪናዋን ላለማየት በዋናው በር መውጣት ትታ በቆሻሻ መጣያው በኩል ትዞራለች፤ ከነበሽተኛ ጉልበቷ፣ ከነዘንቢሏ። የመቀመጫዎቹ ሻጋታ ደግሞ ከመግቢያው ጀምሮ ይሸታል። አሁን በእውነት ሰው የሞተባት መስላለች። ቢምረውም ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል፦ «አላልኩም?»

እንደዚያ እያለን አሳፍ ጎታች መኪና ይዞ መጣ። ማን እንደጠራው አልጠየቅኩም። እጁን ጣሪያዋ ላይ አሳርፎ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነቴን ነው፣ እንባ። «የኔ ምስኪን» አላት። «ለኔ ስጪኝ። እንደ ተፈጠረችበት ቀን አደርጋታለሁ። አንድ ቡሎን አልቀይርም።» ማልቀሱ አስጠላኝ። ሆኖም የሚያለቅስላት ሰው ይሻላል ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት። በማግሥቱ እናቴ በዋናው በር ወጣች።

ከወር በኋላ ሃዒር ሃዓቲቃ ለጉዳይ ሄጄ በሙሳኩ በኩል አለፍኩ። ነጯ አልፋ በር ላይ ቆማለች፤ አታጨስም። በመስኮቷ አየሁ። ዳሽቦርዱ የኔ ነው። ማርሹ የኔ ነው። መሪው ላይ ጣቴን ያደማው ስፌት አለ። ከጓሮ ደግሞ የቀይዋ ቀፎ ጡብ ላይ ተቀምጧል፤ አራቱ መብራቶቿ ወጥተው ጉድጓድ ሆነዋል፣ ሞተሩ በነበረበት ድመት ወልዳለች።

አሳፍ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «ሊድን የሚችል አልነበረም፣ ሞታቅ። አሁን በኔዋ ውስጥ ትኖራለች። ይኼ ነው ፍቅር።»

«ጅብም አህያ ይወዳል» አልኩት በአማርኛ። ቢምረው ከጎማዎቹ መካከል አንገቱን ደፋ። አሳፍ «ተርጉምልኝ» አለው፤ ቢምረው አልተረጎመለትም።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው፣ ዓርብ ቀትር ላይ፣ የበራችን ደወል ተደወለ። «ሻሎም» አለ የሽማግሌ ድምፅ ከታች በመነጋገሪያው፣ «ቀይ አልፋ ያላት ልጅ እዚህ ናት?» በየፎቁ እያረፈ ወጣ። ቀጭን ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ የሮማንያ ዘዬው ከነነፍሱ ያለ።

«አድሪያን እባላለሁ» አለ ኮፍያውን አውልቆ። «መኪናዋ የኔ ነበረች። ዐይኔ ሲደክም ልጄ ለነጋዴ ሸጠብኝ። አልነዳም፣ አትፍሪ። ሞተሯን አንድ ጊዜ አስነሺልኝ፤ ድምጿን ልስማ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ዕብራይስጡ አልገባትም። «ማነው?»

«ሟቹ» አልኳት።

እናቴ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ተመልሳ ገብታ በብርጭቆ ውሃ አመጣችለት። ሲጠጣ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ቆማ ተመለከተች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መኪናዋ የለችም» አልኩት። «እንዴት አገኘኸኝ?»

«ነጋዴውን ለምኜ። አሳፍን ስጠይቀው ማን እንደገዛት አላውቅም አለኝ።»

«አሳፍን ታውቀዋለህ?»

«እንዴታ!» አለ፤ ፊቱ ፈካ። «መኪናዬን የሚጠግንልኝ እሱ ነበር። ሽጥልኝ እያለ ሲለምነኝ ኖረ፤ እምቢ አልኩት፣ አልተቀየመኝም። ወርቅ ልጅ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ የሰንበት ዳቦ ይዞልኝ ይመጣል።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዛሬም ጠዋት መጥቶ ነበር።»