ስም የሌለው ቁልፍ

ሆስፒታሉ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት አልነበረም። ከየክፍሉ በስልክ ዜሮን የነካ ሁሉ የሚያገኘው እሷን ስለሆነ፣ ከዋናው ሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ ድረስ «ዜሮ» ነበር የሚሏት። አትከፋም። «ከእኔ በፊት ቁጥር የለም» ትላቸዋለች፤ ይስቃሉ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። የምትሠራበት የስልክ ማዞሪያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ወንበሯ፣ ጠረጴዛው፣ በሩ ላይ የተሰቀለ ኮቷ፣ ሁሉም እሷ ባስቀመጠችበት ቦታ ይገኛል። ከዚያ ክፍል ውጭ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበራትም።

የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ፣ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ሚስቱም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ጠዋት ጠዋት የዜሮን ልብስ መርጣ ታወጣላታለች፤ ሻይዋን አማስላ በእጇ ታስይዛታለች። እንግዳ ሲመጣ «እሷስ ምን ትጠጣለች?» ብሎ የሚጠይቀው ወንድሟን ነው፤ የሚመልሰውም ወንድሟ ነው። የምትተኛው ሳሎኑ ጥግ፣ በመጋረጃ በተከለለች ቦታ ነበር። መጋረጃ ደግሞ አይንኳኳም። የፈለገ ገልጦ ይገባል።

ዜሮ ለቤቱ ሰው ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። ደሞዟ ባንክ ሲገባ የቤቱን ድርሻ ለወንድሟ ትልክና የቀረውን ታጠራቅማለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በስልኳ ነው። ስልኩ ጣቷ ያረፈበትን እያነበበ ይነግራታል፤ «ቀሪ ሂሳብ»፣ «ገንዘብ ላክ»፣ «አረጋግጥ»። ኢርፎኗን ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ጣቷን ስታንሸራትት፣ ሰዎች ሙዚቃ የምታዳምጥ ይመስላቸዋል። ባንኩ ድረስ በእግሯ ከሄደች ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ማየት የማይችል ደንበኛ የቅርብ ዘመድ አምጥቶ ካላስፈረመ ገንዘቡን መንካት አይችልም። ስለዚህ ወደዚያ ዝር ካለች ዓመታት አልፈዋል።

ታጠራቅም የነበረው ቤት ለመከራየት ነው። አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ጀርባ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ግቢያቸው ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ሊያከራዩ መሆኑን ሰማችና በምሳ ሰዓት ሄደች። ግድግዳውን ዳሰሰች። መስኮቱን ከፍታ የግቢውን አየር ሳበች። በሩ ከባድ እንጨት ነበር፤ ሲዘጋ የደጁን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። ደጋግማ ከፈተችው፣ ደጋግማ ዘጋችው።

«ምነው ልጄ፣ በሩ ይያዛል እንዴ?» አሉ አዋላጇ።

«አይያዝም እማማ። ደስ ብሎኝ ነው።»

ሳቁ። «እንግዲያው እስከ ዓርብ ቅድሚያ ክፍያውን በባንክ አስገቢልኝ። ሌላም ጠያቂ አለ፤ ግን አንቺን እጠብቃለሁ። ከዓርብ ካለፈ አትቀየሚኝ፣ እኔም የጡረታ ሰው ነኝ።»

ሐሙስ ዕለት ማዞሪያው ጋብ ሲልላት ገንዘቡን ልትልክ የባንኩን አፕ ከፈተች። አፑ በራሱ ጊዜ ታድሶ ነበር።

«ስም የሌለው ቁልፍ» አላት ስልኩ።

ጣቷን ወደ ጎን አንሸራተተች። «ስም የሌለው ቁልፍ።» ወደ ታች ወረደች። «ምስል። ስም የሌለው ቁልፍ። ስም የሌለው ቁልፍ።» ትናንት በስሙ የሚጠራው ሁሉ ዛሬ ስም አጥቷል። በግምት አንዱን ልትነካ አሰበችና እጇን ሰበሰበች፤ በግምት የተላከ ብር ማን ደጅ እንደሚያድር አይታወቅም።

የባንኩ የእርዳታ መስመር ላይ ደወለች። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። «አዲሱ አፕ በጣም ቀላል ነው፤ ከታች ያለውን ሰማያዊ ምልክት ይንኩ» አለቻት።

«ሰማያዊውን አላየውም። ዓይነ ስውር ነኝ።»

«እንግዲያው አጠገብዎ ያለ ሰው ቢነካልዎትስ?»

ዜሮ ለዘመናት የሸሸችው ይህንኑ ነበር፤ ግን ነገ ዓርብ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ጠራቻት። ከሆስፒታሉ ሁሉ ምሥጢር የምታካፍላት እሷን ብቻ ነው። ጓደኛዋ ሰማያዊውን ነካች። አፑም አዲስ ነገር ጠየቀ፤ ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያስገቡ፣ ካሜራውን ይመልከቱ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ።

ጓደኛዋ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ በሌላው የዜሮን አገጭ ቀና ታደርግ ጀመር። «ወደ እኔ። ትንሽ ወደ ላይ። አሁን እዪው።»

«ምኑን?»

«ውይ፣ ይቅርታ። ማለቴ... ቀጥ በይ።»

የዜሮ ዓይኖች በራሳቸው ፈቃድ ነው የሚዞሩት፤ ካሜራው የሚፈልገውን አልሰጡትም። ደጋግመው ሞከሩ። «በቃ ሰው መሆኔን አላመነም» አለች ዜሮ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እንዳልምልለት፣ ያ ቀድሞ ሆኗል።» ጓደኛዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ተቆረጠ።

«ምን ይላል?»

«ለደህንነትዎ ሲባል ሂሳብዎ ተዘግቷል ይላል።»

በማግስቱ ሁለቱም ፈቃድ ጠይቀው ባንክ ሄዱ። የደንበኞች ጉዳይ ሠራተኛው ትሑት ወጣት ነበር፤ ለዜሮ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ ግን የሚያናግረው ጓደኛዋን ሆነ።

«የቅርብ ዘመድ አላት?»

«እኔ እፈርምላታለሁ» አለች ጓደኛዋ።

«ደንቡ ባዳ አይፈቅድም። ለራሷ ጥበቃ ነው፤ ሰው እንዳያታልላት። ወንድም ወይም እህት የላትም?»

«ወንድም አለኝ» አለች ዜሮ።

«እንግዲያው ወንድሟ ይምጣ» አለ፤ አሁንም ለጓደኛዋ።

ዜሮ ከበሩ ውጭ ቆማ ብዙ አሰበች። እንዳትበደር፣ የባልደረቦቿ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ለአዋላጇ ደወለችላቸው፤ ባንክ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ አሏት። መጨረሻ ላይ ወደ ወንድሟ ደወለች።

አውቶቡሱን ለተረኛው አስረክቦ እየተጣደፈ መጣ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። «ምን ሆንሽብኝ?» እያለ ትከሻዋን ያዘ። ሠራተኛው ሂሳቡን ከፈተና ስክሪኑን ወደ ወንድሟ አዞረ፤ ስክሪኑ ሲዞር ዜሮ ሰማችው። ወንድሟ ትከሻዋን ለቀቀ።

«ይህ ሁሉ ያንቺ ነው?»

«ጋሼ፣ ቤት ልከራይ ነው። ዛሬ መላክ አለብኝ።»

ወንድሟ ሰው ፊት መነታረክ አይወድም። ፈረመ፤ ስልኩን ሲጠይቁት ቁጥሩን ነገራቸው። ሂሳቡ ተከፈተ። ዜሮ የአዋላጇን የሂሳብ ቁጥር መናገር ስትጀምር ግን በእርጋታ አቋረጣት።

«ዛሬ አይሆንም። ቤት ገብተን እንመካከርበታለን።»

«ወንድምዎ እውነታቸውን ነው» አለ ሠራተኛው። «እንዲህ ያለው ነገር በቤተሰብ ምክር ሲሆን ይሻላል።»

«ሂሳቡ የእኔ ነው» አለች ዜሮ።

«የእርስዎማ ነው» አለ ወጣቱ። «ግን እሳቸው ካልፈረሙ እኔ እጄን ማስገባት አልችልም።»

ባንኩ ተዘጋ። ክፍሉም ለሌላው ሄደ።

ያን ቀን እራት የቀመሰ የለም። «ምን ጎደለብሽ?» አላት ወንድሟ። ቢቆጣ ኖሮ ትመልስለት ነበር፤ ድምፁ ግን ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። «ሰው ምን ይለኛል? የማታይ እህቱን ከቤቱ አወጣት አይሉም? አንድ ነገር ብትሆኚስ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» ሚስቱ «እኔ ነኝ ያስከፋኋት» እያለች ታለቅሳለች።

«ማንም አላስከፋኝም» አለች ዜሮ። «በር ነው የፈለግሁት። የሚዘጋ በር።»

ወንድሟ ቃሏን አልረሳም። ወር ሳይሞላ አናጺ አምጥቶ ጥጓን በኮምፖርሳቶ አስከለለላት፤ በርም አስገባላት። መቆለፊያ ግን አላስደረገበትም። «ድንገት ብትወድቂስ፣ እንዴት ብለን እንገባለን?» አላት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ በሩን እየከፈተ አየላት።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ጓደኛዋ ዜና ይዛ መጣች። ብዙ ዓይነ ስውራን አቤት ብለው ኖሮ፣ ባንኩ አፑን አስተካክሎታል። ዜሮ ማመን አቃታት። ቤት ገብታ ኮምፖርሳቶው ውስጥ ተቀመጠችና አፑን ከፈተችው። «ቀሪ ሂሳብ» አላት። «ገንዘብ ላክ።» ፊትሽን አሳዪ የሚለውም ቀርቶ ፒን ብቻ ይጠይቃል። ደረቷ ቀለል አላት። ለሙከራ ያህል ለስልኳ ካርድ ልትሞላ ሞከረች።

«የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ተመዘገበው ስልክ ተልኳል።»

ስልኳን ይዛ ጠበቀች። ጭር ያለው የእሷ ስልክ ነው፤ የጮኸው ሳሎን ያለው የወንድሟ ነው።

«እህቴ፣ ምን ልትገዢ ነው?» አለ ወንድሟ በሩን ከፍቶ።

«ካርድ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም? እኔ እሞላልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ወደ እኔ ስልክ እንመልሰው።»

ወንድሟ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አታምኚኝም ማለት ነው?»

ምን ትበለው? ሕፃን ሆና በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያመላለሳት ሰው ነው። «አምንሃለሁ» አለችው።

«እንግዲያው ተዪው በቃ።»

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእሱ ሳትነግረው፣ ከጓደኛዋ ጋር ወደ ባንኩ ተመለሰች። ያው ትሑት ወጣት ወንበር ሳበላት። ቁጥሩን ለመቀየር ቁጥሩ የተመዘገበለት ሰው መጥቶ መፈረም እንዳለበት ነገራቸው። ጓደኛዋ ደረጃው ላይ እንደወጡ ንዴቷን መያዝ አቅቷት «አቤቱታ እንጻፍ። ሌሎቹ ጽፈው አይደል ያስተካከሉት?» አለቻት።

«እነሱ አፑን ከሰሱ» አለች ዜሮ። «እኔ ማንን ልክሰስ?»

ከዚያ ወዲህ አፑን አልከፈተችውም። ደሞዟ በየወሩ ይገባል። ወንድሟ ስለ እሷ ፈርሞ ያወጣውን ቆጥሮ ይነግራታል፤ ሳንቲም አያጎድልባትም። የሚያውቋቸው ሰዎች «እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል?» ይሏታል። እሷም አይገኝም ትላቸዋለች፤ ውሸቷንም አልነበረም።